አሮጌ መኪና ለምን ይዘላል?

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚያመራውን መንገድ የተመለከተ ሰው፣ የመኪናን ዓይነትና ዕድሜ ሁሉ በአንድ ቀን ለማጥናት ይችላል። በዓለም ገና፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ በኩል ወደ ወልቂጤ፣ ከዚያም ወደ አገና የሚጎርፈው ሕዝብ የሚጓዝበት መኪና አንዳንዱ ገና ቀለሙ ያልደበዘዘ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ከባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። ከእነዚህም መካከል ጣሪያዋ ላይ ጓዝ የተጫነባት፣ ኋላዋ ዝቅ ብሎ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ያቀና ቮልስዋገን ሳትታይ አትቀርም። ይህች ቮልስ አንድ ጉድጓድ ባለፈች ቁጥር ሦስት አራት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ትዘላለች። የሚያያት መንገደኛ «እስክስታ ትመታለች» እያለ ይስቃል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም፤ መኪናዋ የምትዘለው ሾክ አብዞርበር የሚባለው ዕቃ ስለሞተባት ነውና።

ብዙ ሰው ስለ መኪና ሲነጋገር በመጀመሪያ የሚያነሣው ሞተሩን፣ ቀጥሎም ጎማውንና ፍሬኑን ነው። ሾክ አብዞርበርን ግን ከመካኒኩ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ከጎማው በስተ ጀርባ ተሰውሮ፣ ጭቃና አቧራ ለብሶ የሚኖር አንድ የብረት ቱቦ ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ዝላይ አብራጅ» ልንለው እንችላለን። የመኪናን ዕቃ የምንጠራባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የተወረሱ መሆናቸው የታወቀ ነው። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ይህንንም ዕቃ ጣሊያኖች አሞርቲዛቶሬ ይሉታል፤ ይኸውም «የሚያደክም፣ የሚያበርድ» እንደ ማለት ነው። ስሙ ሥራውን በትክክል ይናገራል።

ሥራውን ለመረዳት መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ አንድ የሽቦ ሞላና አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን ድንጋይ ይበቃል። ድንጋዩን ከሞላው ላይ አንጠልጥለን ወደ ታች ሳብ አድርገን ብንለቀው ወደ ላይና ወደ ታች እየተወዛወዘ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ድንጋዩን በውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አጥልቀን ብንደግመው ውዝዋዜው ያጥራል። ውሃውን በዘይት ብንለውጠው ጥቂት ተንቀሳቅሶ ይቆማል። ወፍራም ማር ውስጥ ብናስገባው ግን ድንጋዩ አይወዛወዝም፤ ይሁን እንጂ ወደ ቦታው ለመመለስም ጊዜ ይፈጅበታል። በአገና ተማሪዎቼ ይህን ፈተና በክፍል ውስጥ ሲመለከቱ አንደኛው «እንግዲያው መኪናም ዘይት ውስጥ ቢሄድ አይዘልም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ሳቅ አስነሣ፤ ነገር ግን ተማሪው መልሱን ራሱ አግኝቶታል። ሾክ አብዞርበር ማለት ዘይቱን በቱቦ ውስጥ አሽጎ ከመኪናው ጋር የሚያስጉዝ መሣሪያ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መኪናው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲያገኝ ባሌስትራው ወይም ሞላው ይጨመቅና የምቱን ጉልበት በውስጡ ያከማቻል። ሞላ ግን ያከማቸውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ መኪናውን ወደ ላይ ያነጥረዋል። በዚህ ጊዜ በሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ያለው ፒስተን በዘይቱ ውስጥ ይጓዛል፤ ዘይቱም በፒስተኑ ላይ ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ለማለፍ ይገደዳል። በዚህ ትግል የዝላዩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጥና በቱቦው በኩል ወደ አየር ይወጣል። እንግዲህ መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ሾክ አብዞርበሩ አይሸከምም፤ የሚሸከመውን ይገራል እንጂ። እነዚህን ሁለት ሥራዎች ማደባለቅ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው እንዲያወጣ የሚያደርግ ስሕተት ነው።

የመኪና ሠሪዎችም ቢሆኑ ይህን ትምህርት ያገኙት ቀስ በቀስ ነው። በፈረስ ይጎተት የነበረው ሠረገላ ባሌስትራ ብቻ ነበረው፤ የባሌስትራው ቅጠሎች እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ዝላዩን ጥቂት ያበርዱት ነበር። አውቶሞቢል መጥቶ ፍጥነት በጨመረ ጊዜ ግን ይህ አልበቃም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በቆዳና በብረት ዲስክ ፍትጊያ የሚሠራ መሣሪያ ተፈለሰፈ፤ ቀጥሎም በዘይት የሚሠራው መጣ። እንደ ኤም ጂ ቢ ያሉት የእንግሊዝ ስፖርት መኪናዎች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ሲሠሩ፣ ክንድ ያለውን የዘይት ዓይነት ይዘው ነበር፤ ስለዚህም ዛሬ እነዚህን መኪናዎች የሚያድሱ ሰዎች በቱቦው ዓይነት ሲለውጧቸው ይታያሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ደግሞ ደ ካርቦን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ዘይቱ ከታመቀ ጋዝ ጋር ሆኖ እንዳይደፈቅ የሚያደርገውን ሾክ አብዞርበር አስገኘ።

አንባቢ «የስፖርት መኪና ወሬ ለእኛ ምን ይረባናል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ የምናያት ትሑቷ ቮልስዋገን የታወቀው የስፖርት መኪና የፖርሽ እናት ናት ቢባል ሐሰት አይደለም። ቮልስዋገንን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን፣ ልጁ ፌሪ ፖርሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በኦስትሪያ ግሙንድ በምትባል መንደር 356 የተባለውን የስፖርት መኪና ሲጀምር ሞተሩንና እግሩን የወሰደው ከቮልስ ነበር። በአፍሪካም ቢሆን ቮልስ ስሟ የተጠራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ የተጀመረውን፣ በጭቃና በአቧራ ሺሕ ኪሎ ሜትሮች የሚያስጉዘውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ቮልስዋገን አሸንፋለች። በ1971 እና በ1973 ደግሞ ዳትሱን 240 ዜድ የተባለ እውነተኛ የስፖርት መኪና ድሉን ወስዷል። እነዚህን መኪናዎች ለድል ያበቃቸው የሞተር ጉልበት ብቻ አልነበረም። በእንደዚያ ያለ መንገድ ላይ የሚያሸንፈው ጎማውን ከመሬት ሳያላቅቅ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ነው።

ነገሩ ወደ እኛ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ጎማ ፍሬን የሚይዘው፣ መሪም የሚታዘዘው ጎማው መሬቱን ሲነካ ብቻ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰኮንድ 16 ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። ጎማው በዝላይ ምክንያት ከመሬት ለአንድ አሥረኛ ሰኮንድ ብቻ ቢነሣ፣ መኪናው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያለ ፍሬንና ያለ መሪ ሄደ ማለት ነው። ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ሦስት ጊዜ ቢዘል ደግሞ ዝላዩ ከሁለት ሰኮንድ በላይ ስለሚወስድ፣ ከሠላሳ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ጎማው መሬቱን በሚገባ ሳይጨብጥ ያልፋል። በዚያ ሠላሳ ሜትር ውስጥ አንድ ሕፃን፣ አንድ በሬ ወይም አንድ ገደል ሊኖር ይችላል።

በአገና በመዝገብ ቤት የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ ከአባቱ የወረሳት ቮልስ አለችው። መኪናዋ የተሠራችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ሲሆን አባቱ ከአዲስ አበባ ለመስቀል ቤተሰቡን ሲያመላልስባት የኖረች ናት። ባለፈው የመስቀል ሰሞን ጓደኛዬ እናቱንና ሁለት እኅቶቹን ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ከኩርባው አፍ ላይ ጠጠሩ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ተሸብሽቦ አገኘው። ፍሬን ያዘ፤ ኋላዋ ግን እየነጠረ ወደ ጎን ሸሸ። መኪናዋ የቆመችው የፊት ጎማዋ የመንገዱን ጠርዝ ረግጦ ነው። ማንም አልተጎዳም። እናቱ ግን ከመኪናዋ ወርደው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ በዚያች ቮልስ አልሳፈርም አሉ። ለአባቱ መታሰቢያ ያህል የሚያያትን መኪና እናቱ የማይሳፈሩባት መሆኑ ለጓደኛዬ ትልቅ ሐዘን ሆነበት።

ጓደኛዬም ነገሩን ለማስተካከል ቆርጦ ተነሣ። ወጣት ነውና በሥዕል መጽሔት ያያቸውን የስፖርት ዕቃዎች ማለመ ጀመረ። ያሰበውም እጅግ ጠንካራ የሆነውን የእሽቅድምድም ሾክ አብዞርበር አስመጥቶ፣ መኪናዋንም ከፍ አድርጎ ለማሠራት ነበር። ይህንኑ ይዞ በቮልስ ሥራ ወደ ሸመገሉ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርሁ።

«ጋሼ፣ የመጨረሻውን ጠንካራ ነው የምፈልገው» አላቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙትና «ልጄ፣ መኪናህ ያጣችው ጡንቻ አይደለም፤ ልጓም ነው» አሉት። «ልጓሙን ደግሞ ከልክ በላይ ብታጠብቀው ፈረሱ አይሄድልህም።»

«ከፍ ማድረጉስ, ጋሼ? ድንጋይ እንዳይነካት ብዬ እኮ ነው።»

«እሱንስ ተወው። የዚች መኪና የኋላ እግር እንደ ዶሮ እግር ነው። ከፍ ባለች ቁጥር ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አሁን የሸሸችብህም በዚሁ ነው።»

የሽማግሌው ንግግር አጭር ቢሆንም የተማረ መሐንዲስ ከሚለው አይለይም። የድሮዋ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አብዛኛው ክብደቷ በኋላ ጎማዎቿ ላይ ያርፋል። የኋላ አክስሏም የሚታጠፈው ከካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ኋላዋ ወደ ላይ ሲነሣ ሁለቱ ጎማዎች ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ መሬትንም የሚነኩት በጠርዛቸው ይሆናል። ጥሩ ሾክ አብዞርበር ኋላዋ ተወርውሮ እንዳይነሣ ይይዘዋል። የሞተ ከሆነ ግን ልክ በኩርባ ላይ፣ መያዝ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ጎማው ይከዳል።

ከልክ በላይ የጠነከረውም የራሱ ጉዳት አለው፤ ይህን ከማሩ ፈተና አይተናል። ሞላው አንዱን ጉድጓድ አልፎ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ ጎማው እየተጨመቀ ይቀርና መኪናው እንደ ጋሪ ይሆናል። ምቱም ወደ አካሉ፣ ወደ ቡሎኖቹና ወደ ተሳፋሪው አከርካሪ ያልፋል። በልስልስ አስፋልት ላይ ለሚሽቀዳደም ሰው የሚስማማው በእኛ መንገድ ላይ ይጎዳል። ስለዚህ «ማሻሻል» ማለት «ማጠንከር» ማለት አይደለም፤ ለመኪናው ክብደት፣ ለሞላውና ለሚሄድበት መንገድ የሚስማማውን ማግኘት ማለት ነው።

በዚህ መሠረት ለአሮጌ መኪና ምርጫው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው እንደ ፋብሪካው ያለ፣ በዘይት ብቻ የሚሠራው ነው፤ ዋጋው ይቀላል፣ ጉዞውም ለስላሳ ነው። ነገር ግን በረጅም የጠጠር መንገድ ላይ ዘይቱ ሞቆ አረፋ ይይዛል፤ አረፋ ደግሞ እንደ ዘይት አይታገልም። ሁለተኛው በዘይቱ ላይ ናይትሮጅን የተጨመረበት ነው፤ ጋዙ ዘይቱን ስለሚጫነው አረፋው ይቀንሳል። ለጠጠር መንገድና ለዕለት ሥራ ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው ለማለት ይቻላል። ሦስተኛው ጥንካሬው እንደ ፍላጎት የሚስተካከል ሲሆን፣ የሆላንዱ ኮኒ በዚህ ዓይነት የታወቀ ነው። ዋጋው ከባድ ስለሆነ መኪናውን ለውድድር ወይም ለፍቅር ብሎ ለያዘ ሰው ይሆናል እንጂ ለደመወዝተኛ ግዴታ አይደለም።

ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። «የቮልስ ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1965 የነበሩት ሞዴሎችና ከ1966 ሞዴል ወዲህ ያሉት የፊት እግራቸው ስለሚለያይ የፊት ሾክ አብዞርበራቸውም አይተካካም፤ 1302 እና 1303 የሚባሉት ደግሞ ጨርሶ ሌላ ዓይነት ናቸው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም በሌላ ቦታ ዕቃ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የመኪናውን የስሪት ዘመን ጽፎ፣ የሚቻል ከሆነም አሮጌውን ዕቃ ፈትቶ ይዞ ቢሄድ ከብዙ ድካም ይድናል።

ዕቃው መሞቱንና አለመሞቱን ለማወቅ ደግሞ ጋራዥ መሄድ ግድ አይደለም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ አንዱን ማዕዘን በሁለት እጅ በኃይል ተጭኖ መልቀቅ ነው። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ቢረጋ ደኅና ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ ቢወዛወዝ ደክሟል። ቱቦው በዘይት ረጥቦ አቧራ ተለጥፎበት ቢገኝ ማሸጊያው አልቋል። ጎማው አንዱ ቦታ ተበልቶ አንዱ ቀርቶ ሞገድ የመሰለ እንደሆነም ምልክት ነው። ሽማግሌው መካኒክ ደግሞ አንድ ሌላ ዘዴ አሳዩን። ከረጅም የጠጠር መንገድ እንደ ደረሱ ወዲያው የአራቱን ቱቦዎች ሙቀት በእጅ ጀርባ ጠጋ ብሎ መመርመር ነው። ሦስቱ ሞቀው አንዱ ቀዝቃዛ ቢሆን፣ የሞተው ቀዝቃዛው ነው። ሥራ የሠራ ይሞቃልና።

ሲገጠምም የሚጠበቅ ደንብ አለ። ሁልጊዜ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው በኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ደመወዝ የማይፈቅድ ከሆነ በአንድ ወር የኋላውን፣ በሌላው ወር የፊቱን ጥንድ መለወጥ ይቻላል። የዘይቱ ዓይነት ከመገጠሙ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ብዙ ጊዜ ተጨምቆ ይሳባል፤ በማከማቻ ተጋድሞ ሳለ የገባው አየር እንዲወጣ ነው። ጎሚኒዎቹም አብረው መታደስ አለባቸው፤ ቡሎኖቹ በመጨረሻ የሚጠበቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በራሱ ጎማ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። አለዚያ ጎሚኒው እንደ ተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። የታሸገውን ቱቦ በስቶ የሞተር ዘይት ጨምሮ መበየድ ግን ዕቃ ማደስ ሳይሆን ራስን ማታለል ነው።

ስለ አሮጌ መኪና ይህን ያህል መጻፍ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ይቆያሉ፤ የሚያሽከረክሯቸውም እንደ ጓደኛዬ ያሉ መጠነኛ ደመወዝ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍ ብቻውን መኪናውን ደኅና አያደርገውም። ከሬዲዮውና ከመቀመጫው ልብስ በፊት ከጎማው በስተ ጀርባ ያለውን ቱቦ ማየት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ይህ የጉራጌ ሕዝብ ከዚህ ቀደም በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በንግድና በጉልበት ሥራ ያፈራውን ገንዘብ አዋጥቶ ወደ አገሩ መንገድ ያስወጣ ሕዝብ ነው። መንገዱን ያወጡት ልጆቻቸው ለበዓል ወላጆቻቸው ዘንድ በደኅና እንዲደርሱ ነበር። የመንገዱ ዓላማ የሚፈጸመው መኪናው በመንገዱ ላይ ሲረጋ ነው።

ጓደኛዬ የእሽቅድምድሙን ሐሳብ ትቶ ጋዝ ያለባቸውን አራት መጠነኛ ሾክ አብዞርበሮች በሁለት ወር ደመወዝ ከፋፍሎ ገዛ። መኪናዋንም በፋብሪካው ከፍታ ተዋት፤ የጣሪያውንም ጓዝ ቀነሰ። ሥራው ካለቀ በኋላ እናቱን ለመለመን አልቸኮለም። በመጀመሪያ ብቻውን ያንኑ ቁልቁለት ሦስት ጊዜ ወረደና ወጣ። በአራተኛው ቀን እሑድ ጧት እናቱ ነጠላቸውን ለብሰው ከደጅ ወጡ፤ መኪናዋን ዞር ብለው ተመለከቱ፤ ከዚያም እጃቸውን በኋላዋ ላይ አሳርፈው እንደ መካኒኩ ተጫኑና ለቀቁ። ቮልሷ አንድ ጊዜ ተነሥታ ረጋች። እናቱም አንዳች ሳይናገሩ በሩን ከፍተው ገቡ።